የእንፋሎት መሐንዲሱ ስሌት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፌብሩዋሪ 16 ቀን 1938 ዓ.ም. በለንደን ከተማ፣ በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሜቴዎሮሎጂ ማኅበር ጉባኤ ላይ አንድ ጥናት ተነበበ። የጥናቱ ደራሲ ጋይ ስቱዋርት ካለንደር ይባላል። በዚያው ወር አርባ ዓመት የሞላው ይህ ሰው የአየር ጠባይ ሊቅ አልነበረም፤ የእንፋሎት መሐንዲስ ነበር። ጥናቱን ለማኅበሩ ያስተላለፈለትም ጎርደን ዶብሰን የተባለው የኦክስፎርድ ሊቅ ነው።

የጥናቱ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲገለጥ እንደሚከተለው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ግማሽ ምዕተ ዓመት የሰው ልጅ ነዳጅ በማቃጠል 150 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ለቋል፤ ከዚህም አብዛኛው በአየር ውስጥ ተከማችቷል፤ በዚያው ዘመን የምድር ሙቀት ቀስ በቀስ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ለዚህ አንዱ ምክንያት የተከማቸው ጋዝ ነው። ካለንደር ለማስረጃው በዓለም ዙሪያ ከሚገኙ 147 ጣቢያዎች የተገኘውን የሙቀት መዝገብ አሰባስቦ፣ አመዛዝኖና አስልቶ አቅርቧል።

በጉባኤው የተገኙት ሊቃውንት የመሐንዲሱን ትጋት ቢያደንቁም መደምደሚያውን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ሰር ጆርጅ ሲምፕሰንን የመሰሉ ታላላቅ የሜቴዎሮሎጂ ባለሙያዎች የጋዙና የሙቀቱ አብሮ መጨመር እንዲያው መገጣጠም ሊሆን ይችላል የሚል አስተያየት ሰጡ። ስብሰባው ተበተነ፤ ስሌቱ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርመራ ሁሉ ይኸው ስሌት በመሠረቱ ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል። እንግዲህ መመርመር ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ስሌቱ ይህን ያህል ዘመን ከታወቀ ዓለም ስለምን ዘገየች? መዘግየቷስ ወዴት ያደርሳታል? ከዚህስ ለመዳን የመሐንዲሱ ድርሻ ምንድን ነው?

ከካለንደር በፊት

የነገሩ መነሻ ከካለንደር እጅግ የራቀ ነው። በ1824 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ፉሪየ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባቢ አየር የፀሐይን ብርሃን በቀላሉ እያሳለፈ ከምድር ተመልሶ የሚወጣውን የማይታይ ሙቀት ግን እንደሚያግድ ገለጠ። በ1856 ዓ.ም. ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት በመስታወት ሲሊንደሮች ውስጥ ልዩ ልዩ ጋዞች ሞልታ በፀሐይ ላይ አኖረቻቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቀ፤ ከፀሐይ ከተነሣም በኋላ ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እንዲህ ያለ ጋዝ የበዛበት አየር ለምድር ከፍ ያለ ሙቀት እንደሚሰጣት የጻፈችው የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ነች። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል በለንደን ባደረገው ጥንቃቄ የተሞላበት ሙከራ፣ የአየር አብዛኛ ክፍል የሆኑት ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሙቀት ጨረርን ያለ ችግር እንደሚያሳልፉት፣ በመጠን ጥቂት የሆኑት የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደሚውጡት አረጋገጠ።

ይህን ዕውቀት ወደ ቁጥር የለወጠው ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ ነው። በ1896 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢያድግ የምድር ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ እንደሚል አሰላ። አሬኒየስ ግን አልሠጋም። በዘመኑ በነበረው የድንጋይ ከሰል አጠቃቀም እንዲህ ያለ ለውጥ ብዙ ሺህ ዓመታት እንደሚፈጅ ገምቶ ነበር፤ ለቀዝቃዛ አገር ሰውም የሙቀት መጨመር በረከት እንጂ መርገም አልመሰለውም።

ብዙም ሳይቆይ ክኑት ኦንግስትሮም የተባለ ሌላ ስዊድናዊ በቱቦ ውስጥ ባደረገው ሙከራ ተቃውሞ አስነሣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊውጠው የሚችለውን ጨረር ሁሉ አስቀድሞ ስለሚውጠው፣ ተጨማሪ ጋዝ ምንም ለውጥ አያመጣም ተባለ። ይህ ክርክር ለብዙ ዓመታት ጉዳዩን እንዲዘነጋ አደረገው። ስሕተቱ ከባቢ አየርን እንደ አንድ ወጥ ቱቦ መቁጠሩ ነበር። እንደ እውነቱ ከሆነ አየር በድርብርብ የተሠራ ነው። ወደ ጠፈር አምልጦ የሚወጣው ሙቀት የሚነሣው ከምድር ገጽ ሳይሆን አየሩ ስስና ቀዝቃዛ ከሆነበት ከፍታ ነው። ጋዝ በተጨመረ ቁጥር ሙቀቱ የሚያመልጥበት ቦታ ወደ ላይ ይርቃል፤ ላይኛው ቦታ ይበልጥ ቀዝቃዛ ስለሆነም የሚለቀው ሙቀት ያንሳል። በመሆኑም ገቢና ወጪው እስኪመጣጠን ድረስ የታችኛው አየርና ምድር መሞቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ጋቢ የለበሰ ሰው ሌላ ጋቢ ቢደርብ ይበልጥ እንደሚሞቀው ማለት ነው።

የመሐንዲሱ ዓይን

ካለንደር በ1898 ዓ.ም. በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሂው ካለንደር የእንፋሎትን ባሕርይ በመለካት ስመ ጥር የሆነ የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ ልጁም በዚሁ መስክ አድጎ በእንግሊዝ አገር የእንፋሎት መሐንዲስ ሆነ። የአየር ጠባይ ጥናት የመደበኛ ሥራው አካል አልነበረም፤ በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ሙያው ሰጥቶት ነበር። የቦይለር መሐንዲስ የእንፋሎትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨረር የዕለት ሥራው ነው፤ ወደ ምድጃው የገባው ሙቀት ከወጣው ጋር መመዛዘን እንዳለበትም ያውቃል። ካለንደር ምድርን የተመለከታት በዚሁ ዓይን ነበር፤ የሚገባውን፣ የሚወጣውንና የሚቀረውን ደመረ፣ ቀነሰ።

ካለንደር ጋዙ በእጥፍ ቢያድግ የምድር ሙቀት በ2 ዲግሪ ያህል ከፍ እንደሚል ገምቶ ነበር። ይህ ግምት በኋላ ከተገኘው ዝቅ ያለ ቢሆንም ከእውነቱ እጅግ የራቀ አልነበረም። ከለቀቅነው ጋዝ ሦስት አራተኛው በአየር ውስጥ ይቀራል ያለውም በዝቷል፤ ዛሬ እንደሚታወቀው ከግማሽ የሚበልጠውን ውቅያኖስና ዕፅዋት ይወስዱታል። ከሁሉ የበለጠ የሳተው ግን የሰው ልጅ ወደፊት ስንት እንደሚያቃጥል በመገመቱ ነው። በእርሱ ዘመን በዓመት አራት ቢሊዮን ቶን ገደማ የነበረው ከነዳጅ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ዛሬ 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደርሷል። ይህን ማንም በዚያ ዘመን አላሰበውም። ስለዚህም ካለንደር እንደ አሬኒየስ ሁሉ ለውጡን በበጎ ዓይን ተመልክቶት፣ የሰሜኑን እርሻ እንደሚጠቅምና የበረዶ ዘመን ተመልሶ እንዳይመጣ እንደሚያዘገይ ጽፎ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካለንደር የተሰማራበት ሥራ የዘመኑን ተቃርኖ በሚገባ ያሳያል። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጉም ምክንያት ማረፍ አቅቷቸው ብዙ ሰው ስለሚያልቅ፣ በማረፊያው ሜዳ ግራና ቀኝ ነዳጅ እያነደዱ ጉሙን የመግፈፍ ዘዴ ተፈለሰፈ። በዚህ ምርምር ከተካፈሉት አንዱ ካለንደር ነበር። በየሰዓቱ እጅግ ብዙ ነዳጅ ይቃጠል ነበር፤ በዚያው ነዳጅ ግን የአብራሪዎች ሕይወት ይተርፍ ነበር። ነዳጅ ለዘመናዊ ሕይወት የሰጠው ጥቅምና ያስከተለው ዕዳ በአንድ ሜዳ ላይ እንዲህ ጎን ለጎን ቆመው ታዩ።

ቁጥሩ እየጠራ ሲሄድ

ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ነገሮች ጥርጣሬውን አስወገዱ። አንደኛው መለኪያ ነው። በ1958 ዓ.ም. ቻርልስ ኪሊንግ በሃዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መሣሪያውን ተክሎ፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 313 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን መዘገበ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ከፍ ሲል እንጂ ዝቅ ሲል አልታየም፤ በ2024 ዓ.ም. ከ420 በላይ ሆኗል። በአንታርክቲካ ከበረዶ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣው ጥንታዊ አየር ሲመረመር፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ቁጥሩ 280 ገደማ እንደነበረ፣ ባለፉት 800,000 ዓመታትም ከ300 እምብዛም እንዳላለፈ ታውቋል።

ሁለተኛው የኮምፒዩተር ስሌት ነው። በ1967 ዓ.ም. ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ የአየርን ድርብርብ በሒሳብ አስልተው የጋዙ እጥፍ መሆን 2 ዲግሪ ከሩብ ያህል ሙቀት እንደሚያመጣ አሳዩ። በ1979 ዓ.ም. በጁል ቻርኒ የሚመራ የአሜሪካ ሊቃውንት ቡድን ያለውን ማስረጃ ሁሉ መርምሮ፣ መልሱ ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ፣ ምናልባትም 3 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አስታወቀ። በ2021 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሊቃውንት ጉባኤ ያወጣው ዘገባም 3 ዲግሪ የሚለውን አጽንቶ የጥርጣሬውን ወሰን አጠበበው። ማናቤም በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ሙቀቱ ቢበረታ

2024 ዓ.ም. የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ በልጦ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። አንድ ዓመት ብቻውን የረጅም ጊዜውን አማካይ አይወስንም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳያል። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት የመንግሥታት መርሐ ግብሮች ሳይሻሻሉ ቢቀጥሉ ምድር በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወደ 3 ዲግሪ እንደምትጠጋ ይገመታል። ሦስት ዲግሪ ለሰሚው ጥቂት ይመስላል። ጧትና ቀትር መካከል ያለው ልዩነት እንኳ ከዚህ ይበልጣልና። ነገር ግን ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን ጥልቀት እስከ ኢንዱስትሪው ዘመን መግቢያ ድረስ የምድር አማካይ ሙቀት የተለወጠው ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ ያም አሥር ሺህ ዓመታት ያህል ፈጅቷል።

ምድር ራሷ የከፋ ሙቀት ምን እንደሚመስል መዝግባ አኑራለች። ከ56 ሚሊዮን ዓመታት በፊት እጅግ ብዙ ካርቦን ወደ አየርና ወደ ውቅያኖስ ገብቶ ሙቀቱ በ5 ዲግሪና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ ነበር። የባሕር ውሃ አሲድነቱ ጨመረ፤ በጥልቅ ባሕር ይኖሩ ከነበሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ብዙ ዝርያዎች ጠፉ። ምድር ወደ ቀድሞ ሁኔታዋ ለመመለስ ከ100,000 ዓመት በላይ ወሰደባት። የዛሬው የካርቦን አለቃቀቅ ግን ከዚያን ጊዜው ብዙ እጥፍ የፈጠነ ነው።

የሰው አካልም ወሰን አለው። ሰው ሙቀቱን የሚያስወግደው በላቡ ትነት ነው። በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ባሳየበት አየር ውስጥ ላብ አይተንም፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከጥቂት ሰዓታት በላይ ሊቆይ አይችልም። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ወደዚህ ወሰን የተጠጋ ሙቀት ለአጭር ጊዜም ቢሆን ተመዝግቧል። በዚያ አካባቢ በግንባታና በቤት ሥራ ተሰማርተው ከሚኖሩት መካከል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስላሉ፣ ይህ ቁጥር ለኢትዮጵያ ቤተሰቦች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በኢትዮጵያ ምድር ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ወደ ተራራ በወጡ ቁጥር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የ3 ዲግሪ ጭማሪ አንድን ቦታ በ460 ሜትር ያህል ወደ ታች እንደማውረድ ይቆጠራል። ይህም ማለት አዲስ አበባ የቢሾፍቱን ሙቀት ትይዛለች፤ ደጋው ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋውም ቆላ ይሆናል ማለት ነው። ገበሬው ለከፍታው የመረጠው ዘር፣ ቡናው የለመደው ጥላ፣ ከብቱ የለመደው ግጦሽ ሁሉ ቦታውን ይለቃል። በሽታም እንዲሁ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያና በኮሎምቢያ ደጋዎች ሙቀት በበዛባቸው ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። ድርቅን በተመለከተም፣ ከ2020 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው በቦረናና በሶማሌ አካባቢ ስፍር ቁጥር የሌለው ከብት አልቋል፤ በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ያንኑ የደረቀ ምድር ጎርፍ አጥለቀለቀው።

ድርቅና ጎርፍ መፈራረቃቸው ተቃራኒ ይምሰል እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን በ7 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ሞቃት አየር ከአፈሩ ብዙ ይጠጣል፤ ሲያወርድም ባንድ ጊዜ ያወርዳል። የዚህ ውጤት የመሐንዲሱን ጠረጴዛ በቀጥታ ይነካል። አንድ ድልድይ ወይም ከልቨርት ሲነደፍ በሃምሳ ዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ጎርፍ የሚሰላው ካለፉት ዓመታት የዝናብ መዝገብ ነው፤ መጪው ዘመን ያለፈውን ይመስላል ተብሎ ይታሰባልና። ይህ እሳቤ ከፈረሰ ለሃምሳ ዓመት የተሠራው ድልድይ በሃያ ዓመቱ በጎርፍ ሊወሰድ ይችላል። ንድፉ ሲጸድቅ ስሕተት አልነበረበትም፤ ዝናቡ ግን መዝገቡ የሚያውቀው ዝናብ አይደለም።

እያወቁ መዘግየት

ዓለም የዘገየችው ባለማወቅ ነው እንዳይባል ታሪኩ ይመሰክራል። በ1965 ዓ.ም. ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሳይንስ አማካሪዎቻቸው ያቀረቡት ዘገባ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚናገር ምዕራፍ ነበረው። ይሁን እንጂ ዘገባው ያነሣው መፍትሔ የነዳጁን ፍጆታ መቀነስ ሳይሆን፣ ብርሃን የሚመልስ ነገር በባሕር ላይ መበተን ነበር። በ1988 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሊቃውንት ጉባኤ ተቋቋመ። በ1992 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1997 ዓ.ም. የኪዮቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የፓሪስ ስምምነት ተከተለ። ሆኖም ከኢንዱስትሪው ዘመን መግቢያ ጀምሮ ከነዳጅ ከተለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁሉ ከግማሽ የሚበልጠው የተለቀቀው ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከጉባኤዎቹ በፊት ከተቃጠለው ይልቅ ከጉባኤዎቹ በኋላ የተቃጠለው በለጠ ማለት ነው።

ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። ከነዳጅ የሚያተርፉ ኃይሎች መቃወማቸው አንዱ ነው። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የመሣሪያ ዕድሜ ነው። አንድ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ አንዴ ከተተከለ አርባ ዓመት ያገለግላል። የለቀቀው ጋዝ ከፊሉ ደግሞ በአየር ውስጥ ሺህ ዓመት ይቆያል። እንግዲህ ለአንድ ምሽት ፍጆታ የተፈረመ የሚመስለው ውል የልጅ ልጅን ዘመን ያስራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ጉዳቱ ሲታይ መሣሪያውም ተተክሎ፣ ጋዙም ተለቆ ይገኛል።

አንድ ጊዜ የተሳካው መንገድ

የሰው ልጅ እንዲህ ያለውን ጥፋት በጊዜ ያስቆመበት ታሪክ ግን አለ፤ እርሱም የኦዞን ጉዳይ ነው። በ1928 ዓ.ም. ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለፍሪጅ የሚሆን፣ የማይነድና የማይመርዝ ጋዝ ፈለሰፈ። ክሎሮፍሎሮካርቦን የሚባለው ይህ ጋዝ በቤት ውስጥ ምንም ጉዳት አልነበረውም። በ1974 ዓ.ም. ግን ማርዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮላንድ፣ ጋዙ ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ ምድርን ከጎጂ የፀሐይ ጨረር የሚከላከለውን ኦዞን እንደሚያጠፋ አስጠነቀቁ። በ1985 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆ ፋርማንና ባልደረቦቹ በአንታርክቲካ ላይ ኦዞኑ በጸደይ ወራት እጅግ መሳሳቱን አሳዩ። የለኩበት መሣሪያ ጎርደን ዶብሰን በ1920ዎቹ የፈለሰፈው ነበር፤ ይኸውም በ1938 ዓ.ም. የካለንደርን ጥናት ለጉባኤው ያቀረበው ያው ዶብሰን ነው።

ማስረጃው በታወቀ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1987 ዓ.ም.፣ መንግሥታት ጋዙን ደረጃ በደረጃ ለማስወገድ በሞንትሪያል ተስማሙ። ውሉን ከጊዜ በኋላ የዓለም አገሮች ሁሉ አጸደቁት፤ ኦዞኑም ማገገም ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. በሩዋንዳ ርእሰ ከተማ በኪጋሊ በተጨመረው ማሻሻያ ደግሞ፣ ኦዞንን የማይጎዱ ነገር ግን ምድርን እጅግ የሚያሞቁ ተተኪ የማቀዝቀዣ ጋዞችም እንዲቀነሱ ተወሰነ። ይህ በሚገባ ከተፈጸመ በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ እስከ ግማሽ ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስቀራል።

የሞንትሪያል ውል የተሳካው አራት ነገሮች ስለተሟሉለት ነው። ቁጥሩ የተለካ ነበር፤ ተተኪ ነገር ሊሠራ ቻለ፤ የጊዜ ሰሌዳው ቁርጥ ነበር፤ ታዳጊ አገሮች ለለውጡ የሚረዱበት ገንዘብም ተመደበ። እርግጥ ነው፣ ነዳጅ ከፍሪጅ ጋዝ ይልቅ በኑሮው ሁሉ ውስጥ የገባ በመሆኑ ነገሩ እጅግ ይከብዳል። አራቱ መስፈርቶች ግን አይለወጡም።

የመዳኛው ስሌት

የሚፈለገውን ለማወቅ አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ይበቃል። ወደ አየር በሚለቀቅ በየ1,000 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምድር ሙቀት በ0.45 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከነዳጅና ከደን ጭፍጨፋ በዓመት የሚለቀቀው 40 ቢሊዮን ቶን ገደማ ስለሆነ፣ በዛሬው አካሄድ ሌላ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ለመጨመር 25 ዓመት ይበቃል። ገንዳ በሚሞላ ቧንቧ ቢመሰል፣ ቧንቧውን ማጥበብ ብቻ ውሃው እንዳይሞላ አያደርገውም፤ መዘጋት አለበት። ከዚህ የተነሣ ግቡ የጋዙን አለቃቀቅ በተጣራ ሒሳብ ወደ ዜሮ ማውረድ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ኤሌክትሪክን ያለ ጢስ ማመንጨትና በነዳጅ የሚሠራውን በኤሌክትሪክ መተካት ነው። በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይፋ የሆነው የፀሐይ ኃይል ሴል ከሚያርፍበት ብርሃን 6 ከመቶ ያህሉን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። ዛሬ የተለመዱት ፓኔሎች ከ20 ከመቶ በላይ የሚለውጡ ሲሆን፣ ከ2010 እስከ 2020 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ብቻ ዋጋቸው በ90 ከመቶ ያህል ወርዷል። ሁለተኛው ሜቴን ነው። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ የሚቆየው አሥር ዓመት ገደማ ቢሆንም በሃያ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ያህል ያሞቃል፤ ስለዚህ ከነዳጅ ጉድጓድና ከቧንቧ የሚያፈተልከውን መድፈን ፈጥኖ ውጤት የሚሰጥ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ ክሊንከር ሲለወጥ፣ ነዳጁ ሳይቆጠር፣ ከድንጋዩ ብቻ በአንድ ቶን ክሊንከር ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ክሊንከርን በከፊል በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በፑሚስ ወይም በተቃጠለ ሸክላ አፈር መተካት ይቻላል። ለሮማውያን ሕንፃዎች ጥንካሬ የሰጣቸው የእሳተ ገሞራ አመድ ነበር፤ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም በዚህ ማዕድን ባለጸጋ ነው፤ የአገሪቱ ፋብሪካዎችም ፖዞላና የተቀላቀለበትን ሲሚንቶ ከማምረት አልቦዘኑም። እንግዲህ ለግድግዳ ልስን ንጹሕ ክሊንከር የበዛበትን ሲሚንቶ የሚያዝ መሐንዲስ የአገሩን ገንዘብም የዓለሙን አየርም ያባክናል።

ከዚህ ሌላ ሰው ሠራሽ ጥላ የማበጀት ሐሳብም ይነሣል። በ1991 ዓ.ም. በፊሊፒንስ የፈነዳው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ወደ ላይኛው አየር በረጨው ሰልፈር ምድርን ለጊዜው በግማሽ ዲግሪ ያህል አቀዝቅዟት ነበር። ይህን በአውሮፕላን ማስመሰል ይቻላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የተከማቸው ጋዝ ሳይነካ ስለሚቀር፣ ርጭቱ አንድ ቀን ቢቋረጥ የታፈነው ሙቀት ባንድ ጊዜ ይመለሳል። የዝናብ ወቅቶችንም ሊያዛባ ይችላል፤ የክረምት ዝናብ ለሚጠብቅ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሙቀት ያዋጣችው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከጉዳቱ ግን ድርሻዋ ጥቂት አይሆንም። የዕርዳታና የካሣ ጥያቄዋም ተገቢ ነው። ይህ እንዳለ ሆኖ በእጇ ያለውም ብዙ ነው። ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል የሚገኝ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የህዳሴ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2024 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ዳሩ ግን የውሃ ኃይል በዝናብ ላይ የተመሠረተ ነውና ነፋስ፣ ፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት ካልታከሉበት ድርቅ በመጣ ጊዜ መብራቱም አብሮ ይደርቃል። አብዛኛው ቤተሰብም እስከ ዛሬ የሚያበስለው በማገዶ ነው። ከሦስት ኪሎዋት በላይ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ምጣድ በትንሽ ኃይል እንዲሠራ ማሻሻል ለደኑም፣ ለእናቶች ዓይንና ሳንባም፣ ለትራንስፎርመሩም ዕረፍት ነው። ይህን የመሰለውን ሥራ ከውጭ መጥቶ የሚሠራ የለም።

ጋይ ካለንደር በ1964 ዓ.ም. አረፈ። በሕይወቱ ሳለ ስሙ ከጥቂት ሊቃውንት አልፎ አልታወቀም። ጥናቱ በወጣ በ75ኛው ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሙቀት ስሌቱን በዘመናዊ መረጃ ሲፈትሹት እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። ሰውየው ለዓለም ያስተማረው መለካትን፣ መደመርንና የተገኘውን ድምር ሳይደብቁ ማቅረብን ነው። ከዚያ ጉባኤ አዳራሽ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ግን የሌሎች መሐንዲሶች ሥራ ነበር፤ አሁንም ነው። በዚህ ዓመት የሚጸድቅ የሕንፃ ንድፍ፣ የሚመረጥ የሲሚንቶ ዓይነት፣ የሚሰላ የከልቨርት ስፋት በ2070 ዓ.ም. ቆሞ የሚያገለግል ወይም ወድቆ የሚወቀስ ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እሳቱ ገና በእፍኝ ቅጠል ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ለአንድ ዲግሪው አልፏል፤ ለሦስተኛው ግን ገና አላለፈም።